ለካንሰር ሕክምና በሚውሉ መግነጢሳዊ ቅንጣቶች የሙቀቱን መጠን አደራደራቸውም ይወስነዋል

የካንሰር ዕጢን በሙቀት ለማዳከም የሚያገለግሉ መግነጢሳዊ ቅንጣቶች የሚሰጡት ሙቀት በብዛታቸው ብቻ ሳይሆን በዕጢው ውስጥ በሚይዙት አደራደር ጭምር እንደሚወሰን በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ሃይፐርተርሚያ በመባል የሚታወቀው ሕክምና የዕጢውን ሙቀት ከ41 እስከ 46 ዲግሪ ሴልሺየስ በማድረስ ሕዋሳቱ ለጨረርና ለመድኃኒት ይበልጥ እንዲጋለጡ ያደርጋል። ከብረት ኦክሳይድ የተሠሩትና መጠናቸው በናኖ ሜትር የሚለካው ቅንጣቶች በፈሳሽ ተበጥብጠው በመርፌ ወደ ዕጢው ከገቡ በኋላ፣ በሴኮንድ 100 ሺህ ዑደት ያህል የሚመላለስ መግነጢሳዊ መስክ እንዲሞቁ ያደርጋቸዋል።

ቅንጣቶቹ በክር እንደተሰካ ዶቃ ተሰልፈው መስመራቸው ከመስኩ አቅጣጫ ጋር ሲገጥም አንዱ የሌላውን መግነጢሳዊ ኃይል ስለሚያጠናክር ሙቀቱ ይጨምራል። መስመሩ ለመስኩ አግድም ሲሆን ግን ሙቀቱ ይቀንሳል። ያለ ሥርዓት ሲቋጠሩም ኃይላቸው እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ሙቀቱ በአብዛኛው ዝቅ ይላል። በሕዋስ ውስጥ የሚከሰተው ብዙውን ጊዜ ይኸው መቋጠር በመሆኑ፣ በቤተ ሙከራ ፈሳሽ ውስጥ የተገኘ ውጤት በሰውነት ውስጥ ላይደገም ይችላል።

የሰልፉ ምሳሌ በተፈጥሮም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 ይፋ የሆነ ጥናት በውስጣቸው መግነጢሳዊ ቅንጣቶችን በሰንሰለት የሚደረድሩ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳውቋል። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናትም ከዚሁ በመነሳት የሰንሰለት አደራደር የሙቀት አሰጣጥን እንደሚያሻሽል አሳይቷል።

ሕክምናው ለአንጎል ዕጢ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ ፈቃድ አግኝቷል። በጀርመን በተካሄደውና በ2011 በታተመው ጥናት የአንጎል ካንሰር ላገረሸባቸው 59 ሕመምተኞች የተሰጠው ከጨረር ጋር ተዳብሎ ነው። ይሁንና ፈቃዱን ያገኘው ማግፎርስ የተባለው ኩባንያ በ2022 ለኪሳራ ሕጋዊ ሂደት አመልክቷል።

ሙቀቱ ጨረርን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ ባለመሆኑ የጨረር አገልግሎት መስፋፋት ቀዳሚ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ከሰሜን ወሎዋ መርሳ ከተማ የሚነሳ ሕመምተኛ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነበረበት። በኋላ ጅማን በመሳሰሉ የክልል ከተሞችም አገልግሎቱ ተጀምሯል።

በመሆኑም መሰል ቴክኖሎጂ ለግዥም ሆነ ለምርምር ሲቀርብ ሊጠየቅ የሚገባው የቅንጣቶቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሕያው ዕጢ ውስጥ የተለካው ሙቀት ነው።