ሼህ ሁሴን ጅብሪል ለምን አይረሱም?

መንግሥት በተናጋ ቁጥር ከወሎው አርዲቦ ሐይቅ ዳር እስከ አዲስ አበባ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ሼህ ሁሴን ምን ብለው ነበር?» እኚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ ሼህ በአማርኛ የገጠሙት በቃል ነው፤ ግጥሞቻቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ ኖረው በመጽሐፍ የታተሙት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ብዙዎች ዝናቸው ያልከሰመው የተናገሩት ትንቢት ስለ ደረሰ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ትንቢት ከደረሰ በኋላ ያረጃል፤ የሼሁ ስንኝ ግን አላረጀም። ያቆየው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

መጀመሪያ ዘመናቸውን እንይ። ወሎ ያን ጊዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመቻ ገና አላገገመችም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ፤ የወሎው ገዥ መሐመድ አሊም ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ መጣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ንጉሡ በደለ» ማለት አንገት ያስቆርጣል፤ «እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል» ማለት ግን የሼህ ወግ ነው። ስለዚህ ትንቢቱ የፍርድ መናገሪያ ሆኖ አገልግሏል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ዳግም ሲራብ፣ ስለ ረሃብና ስለ ስደት የተባለው ስንኝ ለሰሚው እንግዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት አገጣጠሙ ነው። አብዛኛው ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም የሚሄድ የወል ቤት በመሆኑ አንዴ የሰማው አይረሳውም። እጣን ተጨሶ፣ ቡናው ከአወል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲያልፍ አንዱ ስንኙን ይጀምራል፣ ሌላው ቤቱን ይመታል። ስንኙ ግን በሙስሊሙ ቤት ብቻ አልቀረም፤ እንደ አርዲቦ ውኃ ነው። አርዲቦ ሲሞላ ትርፍ ውኃው የሚወርደው «ሐይቅ» ወደሚባለው ጎረቤቱ ሐይቅ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በዚህ አገር ክርስቲያኑም ሼሁን ጠቅሶ ይከራከራል፤ የገጣሚው ሃይማኖት ሰሚን አልከፈለም።

«ግማሹ ነገሩ ካለፈ በኋላ የተገጠመ ነው» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ትክክልም ነው። በቃል የሚኖር ግጥም ተቀባይ ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል። ይህ የትንቢቱን ማስረጃነት ይጎዳዋል፤ የግጥሙን ኃይል ግን ይመሰክራል፤ የራሱን ስንኝ በሰው ስም የሚያሳልፍ ሰው ስሙን የሚመርጠው የሚደመጥ ሲሆን ነውና። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ትንቢት ለፖለቲከኛ መሣሪያ ይሆናል። በጀርመንም ይህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1843 የሞተውን ገጣሚ ሆልደርሊንን የናዚ መንግሥት እንደ አገር ነቢይ ቆጥሮ፣ በ1943 ምርጥ ግጥሞቹን ለጦር ሜዳ ወታደር አሳትሞ አደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥቱ ወደቀ፤ ሆልደርሊን ግን ዛሬም ይነበባል፤ ግጥሙ ለአንድ አገዛዝ ከሚሰጠው አገልግሎት በላይ ነበርና።

ለሼህ ሁሴንም የሚበጀው እንደ ትንቢት ሳይሆን እንደ ግጥም መነበብ ነው፦ እያንዳንዱ ስንኝ ከማን አፍ፣ መቼ፣ የት እንደተሰማ ተጽፎ፣ ልዩ ልዩ አባባሉ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ያን ጊዜ ነገን የሚፈልግ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል፤ ወሎ ሥልጣንን ከታች ሆና እንዴት እንዳየችው ማወቅ የሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።