ፈጥኖ የሚፈታው የቢሲክሌት ጎማ

በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእሽቅድምድም ቢሲክሌት ጎማ የሚታሰረው በባለክንፍ ዳዶ ነበር። ኢጣልያዊው የቪቼንሳ ተወላጅ ቱሊዮ ካምፓኞሎ፣ በተራራ ላይ ውድድር ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ዳዶውን መፍታት አቅቶት ድል እንዳመለጠው ይነገራል። ችግሩም ብልኀትን ወለደ፤ ፈጥኖ የሚፈታውን መሣሪያ ሠራ። ይኸውም በጎማው እንብርት የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ ነው፤ እጀታው ሲታጠፍ ዘንጉ ተስቦ ጎማውን ከሹካው ጋር ያጣብቃል።

ዛሬም ይህን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይመልከት። ዘንጉ ጠንካራ ብረት ይሁን፤ ዘንጉን የሚስበው ክፍል ጭቃ እንዳይገባበት የተሸፈነ ይሁን፤ እጀታውም ሲዘጋ መዳፍን ጫን የሚል ይሁን። እጀታውን ሳያጥፉ እንደ ዳዶ አዙሮ መተው ግን ለሕይወት ያሰጋል። ፈጥኖ የሚፈታ ነገር አስቀድሞ አጥብቆ መያዝ አለበትና።