ካህን የሌለው ጉባኤ፦ ኩዌከሮች ከላንካሻየር እስከ ካይሞሲ

በ1640ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥና ፓርላማ ጦር ተማዘዙ፤ በ1649 ንጉሡ ቻርልስ ቀዳማዊ በአደባባይ አንገቱን ተቀላ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጳጳሳቱም ሥልጣናቸውን አጥተው ነበር። ሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ቋንቋው እያነበበ፣ ሰባኪ ከሰባኪ እያማረጠ፣ በየመንደሩ አዲስ ማኅበር የሚያቆምበት ዘመን ሆነ። የሸማኔ ልጅ የነበረውና ጫማ መስፋት የተማረው ጆርጅ ፎክስ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። በ1624 ሌስተርሻየር ውስጥ ተወለደ፤ ገና በ19 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ከቄስ ወደ ቄስ እየዞረ ነፍሱን የሚያሳርፍለት ፈለገ። አላገኘም። ተስፋ በቆረጠበት በ1647 ግን ለጭንቀቱ መድኃኒት ያለው ክርስቶስ ብቻ መሆኑን የሚነግረው ድምፅ እንደሰማ መሰከረ። ኋላ ያስተማረው ሁሉ ከዚህ የፈለቀ ነው፦ ክርስቶስ ሕዝቡን ራሱ ያስተምራል፤ በመካከል የሚቆም ካህን አያስፈልግም።

በ1652 ፎክስ ላንካሻየር ውስጥ ፔንድል የሚባለውን ኮረብታ ወጣ፤ ብዙ ሕዝብ ሲሰበሰብ በራእይ እንዳየም ተናገረ። በዚያው ዓመት በሰሜን እንግሊዝ ሜዳና ኮረብታ ላይ ለብዙ ሰዎች ሰበከ፤ ስዋርዝሙር በሚባለው የዳኛ ቶማስ ፌል ቤትም በእንግድነት ገባ። የዳኛው ሚስት ማርጋሬት ፌል ትምህርቱን ተቀበለች፤ ቤቷ የእንቅስቃሴው ማዕከል ሆነ፤ ለታሰሩት ስንቅ፣ ለተበተኑት ደብዳቤ የሚላከው ከዚያ ነበር። እርሷ ባትኖር የፎክስ ስብከት እንደብዙዎቹ የዘመኑ ስብከቶች ተበትኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1666 ሴቶች በጉባኤ የመናገር መብት እንዳላቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰች የሚሞግት ጽሑፍ አሳተመች። እስር ቤት ሆና የጻፈችው ነው።

ራሳቸውን የሚጠሩት «ወዳጆች» ብለው ነው፤ ስሙን ያገኙት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነው። «ኩዌከር» ማለት ተንቀጥቃጭ ማለት ሲሆን ስድብ ነበር። በ1650 ደርቢ ከተማ ፎክስ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጥ ቢለው ዳኛው በዚህ ስም አላገጠበት፤ ስሙም ጸና።

የእምነታቸው መሠረት በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ የተጻፈው ለሰው ሁሉ የሚያበራው ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ይላሉ፤ በክርስቲያኑም፣ ስለ ክርስቶስ ሰምቶ በማያውቀውም። ጥምቀትንና ቁርባንን በውሃ፣ በኅብስትና በወይን አይፈጽሙም፤ የሁለቱም እውነታ በልብ የሚፈጸም ነው ብለው ስለሚያምኑ። ሮበርት ባርክሌይ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1676 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ትምህርት ለሊቃውንት አስረድቷል። ይሁን እንጂ አባል ለመሆን ሁሉም የሚደግመው ጸሎተ ሃይማኖት አላበጁም።

አምልኮው እንዲህ ነው። ሰዎች ወደ መሰብሰቢያው ቤት ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። መንበር፣ ሥዕል፣ መዘምራን የሉም። ዝምታው አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ለጉባኤው የሚሆን ቃል ተሰጥቶኛል ብሎ ያመነ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አዛውንትም ይሁን ወጣት፣ ተነሥቶ በአጭሩ ይናገራል፤ ይቀመጣል። መልስ አይሰጠውም፣ ክርክርም አይነሣም። አንዳንድ እሑድ አንድም ሰው ሳይናገር ያልፋል፤ እርሱም ሙሉ አምልኮ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ ሌላውም ከጎኑ ካለው ጋር ይጨባበጣል፤ ጉባኤው ያበቃል። ለእንግዳ የምመክረው ዝምታውን እንደ ባዶ ጊዜ እንዳይቆጥረው ነው። የተቀመጡት እየጠበቁ ነው፤ ጥበቃውም በጋራ ነው።

ጉዳያቸውን የሚወስኑትም በዚሁ መንገድ ነው። ድምፅ አይሰጡም። ጸሐፊ የሚሉት ሰው ሁሉንም ያዳምጣል፤ ጉባኤው የደረሰበትን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ካልተስማሙ ዝም ይላሉ፣ ወይም ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቆያል።

ብርሃኑ በሁሉም ውስጥ ካለ ማንም ከማንም አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹ ኩዌከሮች ይህን በቀን ተቀን ኑሮ ፈጸሙት፤ መከራቸውም ከዚያ መጣ። ለዳኛ ባርኔጣ አላወልቅም አሉ። ጌታውንም ሎሌውንም በ«አንተ» ጠሩ፤ አንቱታ በጸናበት አገር ላደግን ለኛ ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደነበር መገመት አያዳግተንም። ሰው ዘወትር እውነት መናገር ስላለበት አንምልም አሉ፤ መሐላ እምቢ ማለት ብቻውን ወኅኒ ያስወርድ ነበር። በ1662 እነርሱን ለይቶ የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ታሰሩ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1659 እስከ 1661 አራት ኩዌከሮች ቦስተን ላይ ተሰቀሉ። አንዷ ሜሪ ዳየር ነበረች፤ አንድ ጊዜ ከመስቀያው ሥር ምሕረት ተደርጎላት ከአገር ብትባረርም ተመልሳ መጣች፣ ሞተችም። እንግሊዝ ውስጥ ፋታ ያገኙት በ1689 በወጣው የመቻቻል ሕግ ነው።

በ1661 መባቻ ፎክስና ባልደረቦቹ ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ባቀረቡት መግለጫ በማንኛውም ምክንያት መሣሪያ እንደማያነሡ አስታወቁ። ብዙዎቹ ቀድሞ በእርስ በርሱ ጦርነት ወታደር የነበሩ ናቸውና ቃሉ ጦርነትን ካላዩ ሰዎች የመጣ አልነበረም። ዊልያም ፔን በ1681 ፔንሲልቬኒያን ከንጉሡ ሲቀበል ያለ ሠራዊት የሚተዳደር ግዛት ለመመሥረት ሞከረ።

ስለ ኩዌከሮች ሲወራ ባርነትን ቀድመው የተቃወሙ መሆናቸው ይወደሳል። እውነቱ ከዚህ የከበደ ነው። ፎክስ በ1671 ባርቤዶስን ሲጎበኝ ጌቶች ለባሪያዎቻቸው እንዲራሩና ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነፃ እንዲለቋቸው መከረ እንጂ ባርነትን ራሱን አላወገዘም፤ ፔን ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። በ1688 ጀርመንታውን በምትባል የፔንሲልቬኒያ ሰፈር አራት ሰዎች ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ ፈርመው ለጉባኤያቸው አቀረቡ። ወርኃዊው ጉባኤ ለሩብ ዓመቱ፣ የሩብ ዓመቱ ለዓመታዊው አሳለፈው፤ ዓመታዊው ጉባኤ ጉዳዩ ከባድ ነው ብሎ ወደ ጎን ተወው። በ1738 ቁመተ አጭሩ ቤንጃሚን ሌይ በቀይ የፍሬ ጭማቂ የተሞላ ከረጢት በመጽሐፍ ውስጥ ደብቆ ጉባኤ ገባ፤ በሰይፍ ወጋው፤ ባሪያ አሳዳሪዎቹ ላይ እንደ ደም ተረጨባቸው። አስወጡት፤ ከአባልነትም አስቀድሞ ተባርሮ ነበር።

ጆን ዉልማን ሌላ መንገድ ያዘ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ጸሐፊና ነጋዴ ሆኖ ሲሠራ አሠሪው የአንዲት ጥቁር ሴት ሽያጭ ውል እንዲጽፍ አዘዘው። ጻፈ፤ ኅሊናው ግን አላረፈም፤ ከዚያ ወዲያ ተመሳሳይ ውል ሲቀርብለት እምቢ አለ። ዓመታቱን ከአንዱ ባሪያ አሳዳሪ ኩዌከር ቤት ወደ ሌላው እየተጓዘ፣ ሰው ፊት ሳያዋርዳቸው ለብቻ እያነጋገረ አሳለፈ። ባሪያ ላገለገለው መስተንግዶ ዋጋ ይከፍል ነበር። በ1758 የፊላዴልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ የሚገዙና የሚሸጡ አባላት ላይ እርምጃ ወሰነ፤ በ1776 ባሪያ ማሳደርን ጨርሶ ከለከለ። ከጀርመንታውኑ ጽሑፍ 88 ዓመት በኋላ ነው። በ1787 የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ለንደን ላይ የተቋቋመው ኮሚቴ ከነበሩት 12 መሥራቾች 9ኙ ኩዌከሮች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ በ19ኛው መቶ ዘመን ፊላዴልፊያ ውስጥ ጥቁር አማኞችን ለብቻ አግዳሚ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የዝምታው ጉባኤ ለግፍ መሸሸጊያም ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። በጎ ፍሬ ያፈራው እንደ ዉልማን ያሉ ሰዎች የሰሙትን ይዘው ደጅ ለደጅ ሲሄዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ኤልሳቤጥ ፍራይ ከ1813 ጀምሮ ኒውጌት እስር ቤት ለታጎሩት ሴቶች ደረሰችላቸው። በ1827 የአሜሪካ ኩዌከሮች በትምህርትና በሥልጣን ጉዳይ ተከፈሉ፤ ሌሎች መከፋፈሎችም ተከተሉ፤ ከፊሎቹ መዝሙርና ሰባኪ ያለው አምልኮ ጀመሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ውስጥ በርካታ ሕፃናትን መገቡ። በሁለተኛው ጦርነት፣ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ ጠመንጃ አናነሣም ያሉ ወጣቶች የነበሩበት የወዳጆች አምቡላንስ ክፍል ኢትዮጵያም መጥቶ በሕክምና አገልግሏል። የ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእንግሊዝና ለአሜሪካ የኩዌከር ተራድኦ ድርጅቶች ተሰጠ።

ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ፊላዴልፊያ የሚኖር አንባቢ የወዳጆችን መሰብሰቢያ ቤት በአቅራቢያው ያገኛል፤ በሩ ለእንግዳ ክፍት ነው፤ የሚጠየቅ የእምነት ቃል የለም። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበዙት ኩዌከሮች ያሉት ግን በጎረቤታችን ኬንያ ነው። በ1902 ሦስት አሜሪካውያን በምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ ላይ ሚሲዮን መሠረቱ፤ ከዚያ የበቀለው ቤተ ክርስቲያን መጋቢና መዝሙር ያለው፣ ስብከቱ የሚሰማ ነው። ስለዚህ ኩዌከሮችን ማወቅ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሁለቱንም ይይ፦ አንድ እሑድ በዝምታው ጉባኤ፣ አንድ እሑድ በኬንያውያኑ መዝሙር መካከል ይቀመጥ።