የግዛት ድንበር ሲሻገር ወንጀል የሚሆን ቅጠል

ከቺካጎ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋበት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ኢንዲያና ይገባል። መሀል ላይ ኬላ የለም፣ ፈታሽ የለም። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ነው ያለው፣ በቃ። ሰውየው መኪናው ውስጥ አንድ ከረጢት የክራቶም ዱቄት ካለው ግን ሰሌዳውን እንዳለፈ ሕግ ተላላፊ ሆኗል። ኢሊኖይ በ2014 ባወጣችው ሕግ የከለከለችው ከ18 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን ነበር። ኢንዲያና ውስጥ ደግሞ መያዙም ጭምር ወንጀል ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቅጠል እንዴት እንደዚህ ይሆናል? ታሪኩ ትንሽ ወደኋላ ይወስደናል።

ክራቶም በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅል ዛፍ ነው። በዕፅዋት አመዳደብ የቡና ቤተሰብ ነው፤ የኛው ቡና ዘመዱ ነው ማለት ነው። በደቡብ ታይላንድና በሰሜን ማሌዥያ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ፀሐይና ድካም ለመቋቋም ቅጠሉን ሲያኝኩት ኖረዋል። በትንሹ ያነቃል፣ ሲበዛ ያደነዝዛል፣ ሕመምም ያስታግሳል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ሚትራጋይኒን የተባለ አልካሎይድ ነው። ከእሱ ጋር በጣም በጥቂቱ የሚገኝ ሌላ አለ፦ 7-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒን፣ ባጭሩ 7-ኦኤች። ይህን ሁለተኛውን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ክራቶምን በሕግ ቀድማ የከለከለችው ራሷ ታይላንድ ናት፣ በ1943። በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት ግብር ነው። መንግሥት ከኦፒየም ዳጎስ ያለ ገቢ ይሰበስብ ነበር፤ ኦፒየም ሲወደድበት ሕዝቡ ጓሮው ውስጥ በነፃ ወደሚበቅለው ቅጠል ዞረ። ክልከላው ከ70 ዓመት በላይ ቆየ። ኦገስት 2021 ላይ ታይላንድ ክራቶምን ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር አወጣችው።

አሜሪካ ውስጥ ቅጠሉ በስፋት የተሰራጨው በዱቄትና በካፕሱል መልክ ነው፣ በኢንተርኔትና በየነዳጅ ማደያው። ከሐኪም ማዘዣ ኪኒን ወይም ከሄሮይን ሱስ ለመላቀቅ የተጠቀሙበት ሰዎች አሉ፤ የክራቶም ሱሰኛ ሆነው የቀሩም አሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ዝም ሲል ግዛቶች በየፊናቸው መከልከል ጀመሩ። ኢንዲያና ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ ዊስኮንሲን ቀጠለች፤ በ2016 ቬርሞንት፣ አርካንሳስና አላባማ ተጨመሩ።

የኢንዲያና አካሄድ ለብቻው መነገር አለበት። ሕጉ ሚትራጋይኒንንና 7-ኦኤችን ያስገባቸው «ሰው ሠራሽ ዕፅ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው። ዛፍ ላይ የበቀለን ነገር ሰው ሠራሽ ብሎ መሰየም ለኬሚስት ያስቃል። ምክንያቱ ግን ይገባል፦ ያኔ ግዛቶች በሰው ሠራሽ ካናቢስና «ባዝ ሶልት» በሚባለው ዕፅ ተጨናንቀው ነበር፤ ዝርዝሩ ዝግጁ ነበር፣ ክራቶም የመጣው ደግሞ በዚያው መደብር፣ በዚያው ዓይነት ፓኬት ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ክፍል ከመሥራት ይልቅ ያለው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ጨምሮ ማለፍ ይቀላል።

ኦገስት 2016 ላይ የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ (ዲኢኤ) ሁለቱን አልካሎይዶች ለጊዜው ከሄሮይን ጋር ምድብ 1 ውስጥ ሊያስገባቸው መሆኑን አስታወቀ። ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ። ለዋይት ሐውስ በቀረበ አቤቱታ ላይ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፤ ከሁለቱም ፓርቲዎች የኮንግረስ አባላት ደብዳቤ ጻፉ። ኦክቶበር ላይ ዲኢኤ ሐሳቡን አነሳ። ለአንድ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ይህ ያልተለመደ ነው።

ያ ማለት ግን ቅጠሉ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። በ2018 በሳልሞኔላ የተበከለ ክራቶም በ41 ግዛቶች 199 ሰዎችን አሳመመ። የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከጁላይ 2016 እስከ 2017 መጨረሻ በዕፅ መብዛት የሞቱ ከ27 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ አይቶ በ91ዱ ላይ ክራቶም የሞት ምክንያት ተብሎ መጠቀሱን አገኘ። አብዛኞቹ አብረው ሌላ ዕፅ ወስደው ነበር። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ይችኑ ቁጥር ይዞ ይሟገታል።

ከዚህ በኋላ ሦስተኛ መንገድ መጣ። በ2019 ዩታ ከመከልከል ይልቅ መቆጣጠርን መረጠች፦ የዕድሜ ገደብ፣ መለያ ጽሑፍ፣ የንጽህና ምርመራ፣ የ7-ኦኤች መጠን ጣሪያ። ጆርጂያ፣ አሪዞናና ኔቫዳም በዚያው ዓመት ተከተሉ።

አሁን ወደዚያ ስም እንመለስ። ቅጠሉ ውስጥ ርዝራዥ የነበረውን 7-ኦኤችን አምራቾች በላብራቶሪ አብዝተው በኪኒንና በከረሜላ መልክ መሸጥ ጀመሩ። በሙከራ ከሞርፊን የበረታ ሆኖ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። ጁላይ 2025 ላይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) 7-ኦኤች ቁጥጥር ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ ዒላማው የተፈጥሮ ቅጠሉ አለመሆኑንም አብሮ ተናገረ። ፍሎሪዳ በቀጣዩ ወር 7-ኦኤችን በአስቸኳይ ከለከለች። ሉዊዚያና ግን አልለየችም፤ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቅጠሉንም ሁሉንም ዘጋች። በዚያው ዓመት ሮድ አይላንድ፣ በ2017 ከልክላው የነበረችው ግዛት፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በፈቃድ እንዲሸጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። አንድ ዓመት፣ አንድ ቅጠል፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ።

ለኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ያሉት ካቲኖን (ከ1993 ጀምሮ ምድብ 1) እና ካቲን (ከ1988 ጀምሮ ምድብ 4) ናቸው፤ ጫት የሚለው ስም በተክልነቱ አልሰፈረም። ካቲኖን ትኩሱ ቅጠል ውስጥ አለ፣ ሲጠወልግ አብዛኛው ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሳው አይሱዙ እንደዚያ የሚበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሾፌሩ የሞለኪዩሉን ስም ባያውቀውም። በዚሁ ሳቢያ አሜሪካ ውስጥ አንድ እስር ጫት የሚያስከትለው ቅጣት በትኩስነቱ ሊወሰን ይችላል።

በ2005 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከአምስተርዳም ጫት ይዞ ዲትሮይት የገባን ሶማሊያዊ የጥፋተኝነት ፍርድ ሻረ። ምክንያቱ ሰውየው ጫቱ ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለ ማወቁ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም የሚል ነው። ጫት መያዙን ያውቃል፤ ካቲኖን መያዙን ማወቁ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁሉም ተከሳሽ እንደሱ አልቀናውም።

ሞለኪዩልን ለይቶ መቆጣጠር በራሱ መጥፎ አይደለም። 7-ኦኤችን ከቅጠሉ ነጥሎ ማየት የተቻለው በዚሁ ነው፤ የሚታኘክ ቅጠልና የተጠናከረ ኪኒን አንድ አይደሉም። ችግሩ ሰው የሚገዛውም የሚይዘውም ቅጠል ሆኖ ሳለ ሕጉ የሚናገረው የኬሚስት ቋንቋ መሆኑ ነው። ቋንቋው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛው ለሆነ ሰው፣ ከግዛት ግዛት ጭነት ለሚያመላልስ ሾፌር፣ ይህ ርቀት እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ የምትሄዱበትን ግዛት ሕግ ስትፈልጉ «ክራቶም» ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ። የአልካሎይዶቹንም ስም ጻፉ፤ ሕጉ ውስጥ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። ቀኑንም እዩ፤ አምና ያነበባችሁት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።