ሳይዘራ የበቀለ በቆሎ

ለሥራ ጉዳይ ወደ ጌዴኦ ዞን ወርጄ፣ ይርጋጨፌን አለፍ ብላ በምትገኘው የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ጨለለቅቱ ሰንብቼ ነበር። ያረፍኩበት ቤት አባወራ ለዘር ብለው ከማሳ ያመጡትን በቆሎ ሲልጡ፣ ከአንዱ ጫፍ ላይ ነጫጭ ሥርና አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ ብሎ አየሁ። "እዩት፣ ራሱን ብቅል አደረገ!" አሉኝ እየሳቁ። ሳቁ ግን ከአንጀት አልነበረም፤ ለመጪው ወቅት የሚዘሩት ያንኑ ነውና።

ለመሆኑ ዘር ከእናቱ ሳይለይ ለምን ይበቅላል? በማደግ ላይ ያለ ፍሬ ውኃም ምግብም አያጣም። ያኔ እንዳይበቅል የሚይዘው አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ነው። ይኸው ሆርሞን ዘሩ ስንቁን እንዲያከማችና ድርቀትን እንዲችል ያዘጋጀዋል። ጂበረሊን የተባለው ሆርሞን ደግሞ በተቃራኒው እንዲበቅል ይገፋፋዋል። ወሳኙ የሁለቱ ሚዛን ነው።

ኤይስተር የተባለ ተመራማሪ ቆረቆንዳው ላይ እንዳለ ስለሚበቅል በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1931 ጽፏል። እንዲህ ካሉት በቆሎዎች አንዳንዶቹ ፍሬያቸው የገረጣ ነው። አብሲሲክ አሲድ የሚሠራው ለበቆሎ ቢጫ ቀለም ከሚሰጡት ካሮቲኖይዶች በመሆኑ፣ እነዚህን መሥራት ያቃተው ሽል እንቅልፉንም ያጣል። በገበያችን የምናውቀው ነጭ በቆሎ ግን ከዚህ አይመደብም፤ የነጣው ዱቄታማ ክፍሉ እንጂ ሽሉ ሆርሞኑን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ዋይት፣ ሪቪንና ባልደረቦቻቸው ጂበረሊን ሲቀነስ ያለጊዜው መብቀሉ እንደሚገታ አሳይተዋል።

የጨለለቅቱው በቆሎ ችግር ግን የዘር ውርስ ሳይሆን የዝናብ ይመስለኛል። ፍሬው እድገቱን ሲጨርስ ከቆረቆንዳው ጋር በተያያዘበት ጫፉ ላይ ጥቁር ሽፋን ይሠራል። ያን ጊዜ እርጥበቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ገደማ ነው። የሆርሞኑ መጠን ቀድሞ ስለሚቀንስ፣ ከዚህ በኋላ ዘሩን አስተኝቶ የሚያቆየው በዋናነት ድርቀቱ ነው። ዓመት በሁለት ወቅት ዝናብ በሚያገኘው ጌዴኦ፣ ደርሶ ማሳ ላይ የቆየ በቆሎ ጫፉ ከተከፈተ ውኃ ይሰርግበትና ይነቃል። ሥር ያወጣ ዘር እንደገና ቢደርቅ ደግሞ ሽሉ ይሞታል።

ስለዚህ ለዘር የሚሆነውን ልባሱ እስከ ጫፉ ከገጠመው መምረጥ፣ ከፍሬው ሥር ጫፍ ላይ በጥፍር ፍቆ ጥቁሩን ሽፋን ማየት፣ እንደታየም ሰብስቦ እርጥበቱ ወደ 12 ወይም 13 በመቶ እስኪወርድ ማድረቅ ይበጃል። የበቀለው ከዘሩ ይለይ። የሻገተው ለሰውም ለከብትም አይሰጥ፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

አባወራው ቡና አምራች ናቸው። ለችግኝ የሚሆን የቡና ዘር በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መጠነኛ እርጥበት ይዞ እንደሚደርቅና ሳይቆይ እንደሚዘራ ያውቃሉ፤ አጥብቆ ከደረቀ አይበቅልም። በቆሎ በዚህ ተቃራኒው መሆኑን ስናወራ ቆየን። በማግስቱ ከደጃፋቸው ሳልፍ ጤነኛውን ለይተው ከምድጃው በላይ ሰቅለውት አየሁ።