ቀይ ቡና አያድርም

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ጥቅምት ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወደ በበቃ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቡናው ቀልቷል። ዝናቡ በዚያ አገር መስከረም ጠባ ብሎ የሚያባራ አይደለም። አንዲት አሮጌ ቤላሩስ ትራክተር ተሳቢዋን እሸት ቡና ሞልታ ጭቃውን እየቀደደች ወደ መፈልፈያው ትወርዳለች።

ይቺ ትራክተር የትናንት አይደለችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ሲተከል፣ የሚንስኩ ቤላሩስ በአገራችን እርሻዎች የታወቀ ስም ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፤ የበበቃና የቴፒ ቡና ተክሎችም ከመንግሥት ወደ ግል ይዞታ ዞሩ። የዚያ ዘመን ማሽኖች ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ፣ ያልሞቱት እስከ ዛሬ ይጎትታሉ።

እናላችሁ፣ መፈልፈያው ደጃፍ ደረሰች። ሹፌሩ ማንሻውን ሳበ። የተሳቢው አልጋ ግማሽ መንገድ ተነሳና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እየተንቀራፈፈ ወረደ። ከሥር ዘይቱ ይንጠባጠባል።

አያችሁ፣ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ክምሩ ውስጡ ይግላል፣ ይቦካል። የቦካ ቡና ደግሞ ቢያጥቡት ቢያደርቁት ጣዕሙ አይመለስም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው አካፋና ጆንያ ይዞ ወጣ፤ በፋኖስና በስልክ መብራት ጭነቱን በእጅ አራገፈ። በማግስቱ ለጭነቱ አይሱዙ ተከራዩ። የአይሱዙው ኪራይ ከቡናው ዋጋ ላይ ተቆረጠ።

መካኒኩ በጠዋት መጣ። ዕድሜውን በትራክተር ሥር ያሳለፈ ሽማግሌ ነው። ቁልፍ አላነሳም። «መጀመሪያ እጠቧት» አለ። ጭቃ የለበሰ ነገር የሚፈታ ሰው ጭቃውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፓምፑንም፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ሲሉንም ትፍቃለች።

ታጥባ ስታበቃ ሞተሩ ተነሳ። ከግፊት ቱቦው ላይ ቀጭን ጉም የሚመስል ነገር ብን አለ። ሹፌሩ ቀዳዳውን ሊዳብስ እጁን ሰደደ። ሽማግሌው ክንዱን ቀጨም አደረገው።

«ልጄ፣ እጅህን!»

«ምነው ጋሼ፣ ዘይት አይደለም እንዴ?»

«ዘይት ነው። ግን ቆዳህን በስቶ ይገባል።»

እውነቱን ነው። እዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ እምብዛም ላያም ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን እጁ ያብጣል፣ ሥጋው ይሞታል፤ የዘገየ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ቁስሉ ነጥብ ብታክልም የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው። ሽማግሌው ካርቶን ቀደደና እጁን አርቆ በቱቦው አጠገብ አሳለፈው። ካርቶኑ ላይ ዘይት የጻፈበት ቦታ፣ ቀዳዳው እዚያ ነበር፤ ቱቦው ከብረት ጋር እየተፋተገ ያለቀበት።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ። አልጋው በወፍራም ግንድ ሳይደገፍ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ ከለከለ። ግፊቱ ወጣ፣ ሲሊንደሩ ወረደ፣ ሲሉ ተጎልጉሎ መዳፉ ላይ ተቀመጠ። የፋብሪካ ሲል አይደለም፤ አንድ ሰው ከጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ የሠራው ነው። አብጧል፣ ላሽቋል፣ ጣት ሲነካው ጥቁር ፍርፋሪ ይለቃል። ከመነዳሪ አየር ይይዛል እንጂ ዘይት አይችልም፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዘይት የሚቋቋም ናይትራይል የሚባለው ጎማ ነው።

ሽማግሌው ግን በዚህ አልረካም። የመጀመሪያውንስ ሲል ምን በላው? የሲሊንደሩን ዘንግ በጨርቅ ወለወለና ወደ ብርሃን አዞረው። በሚያብለጨልጨው ብረት ላይ ጤፍ የሚያህሉ የዝገት ጉድጓዶች ተረጭተዋል።

«ክረምቱን አልጋዋን እንዴት አድርጋችሁ ነበር የምታሳድሯት?»

«ውኃ እንዳያቁር ከፍ አድርገን ነዋ፣ ጋሼ።»

ነገሩ ተገኘ። አልጋው ከፍ ብሎ ሲያድር ዘንጉ ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ያድራል። ዝገቱ ብረቱን ይቦረቡራል፤ ቡርቦራው ዘንጉ በወጣና በገባ ቁጥር ሲሉን ይቆርጣል። የዘይት ጋኑ ክዳንም በደንብ አይገጥምም ነበር፤ ዘይቱ ሲቀዳ ወተት መስሎ ወረደ። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ የገባበት ነው፤ ፓምፑን ከውስጥ ይበላዋል። ሰዎቹ ወሩን ሙሉ በላዩ ላይ ዘይት ሲጨምሩ ከርመዋል።

ምትክ ቱቦና ሲል አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተፈልገው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጓዙ። ዘንጉ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ስስ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይጠራል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ግን በሱ አይድንም። ሽማግሌው አዲሱን ሲል ንጹሕ ዘይት ነክሮ፣ ከንፈሩን ግፊቱ ወደሚመጣበት አዙሮ፣ በለሰለሰ እንጨት ገፍቶ አስገባው። ካቻቢቴ አላስነካውም፤ ስለቱ አዲሱን ሲል ገና ሳይሠራ ይቆርጠዋልና። ማጣሪያው ታጠበ፣ አዲስ ዘይት ተሞላ። አየሩ እንዲወጣ አልጋው ባዶውን ደጋግሞ ተነሳ፣ ወረደ፤ ከዚያም ወርዶ ሳለ የጎደለው ዘይት ተሟላ።

በመጨረሻ ተሳቢዋን አስጭኖ አልጋውን አስነሳና ሞተሩን አጠፋ። ቆሞ ጠበቀ። አልወረደም። ለሹፌሩም እንዲህ አለው፦ «ወደፊት አንድ ጠብታ ሳይታይ አልጋው ከወረደ፣ በሽታው ብዙውን ጊዜ ዘይቱን በሚመራው ማከፋፈያ ውስጥ ነው። እሱን ሜዳ ላይ አትፍታ፤ ጋራዥ ውሰደው።»

እንግዲህ እናንተ በሚዛን፣ በቴፒ፣ በሸኮና በየኪ ትራክተር ያላችሁ የቡና ማኅበራትና ባለ እርሻዎች፣ ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ነሐሴ ሳይወጣ ማሽናችሁን አስፈትሹ። በልኩ የሆነ አንድ ቱቦ፣ የሲል ስብስብ፣ ማጣሪያና አንድ ጀሪካን ንጹሕ ዘይት መጋዘን አስቀምጡ። ተሳቢውን ስታቆሙ አልጋውን አውርዱት፤ ውኃ እንዳያቁር ከፈለጋችሁ ሸራ አልብሱት። ከሽማግሌው ጎን አንድ ወጣት አቁሙ፤ ሽማግሌው እጁ የያዘውን እውቀት ይዞት ሳይሄድ ይቀበለው። ዘይት መጨመር ጥገና አይደለም፤ ጥገና ማለት ዘይቱ ለምን እንደፈሰሰ ማወቅ ነው።