የሳባ ቋንቋና እኅት ቋንቋዎቹ፤ ከግእዝም ጋር ያላቸው ዝምድና

ግእዝ ባሕር ተሻግሮ የመጣው የሳባ ቋንቋ ልጅ ነው የሚለው አሳብ በታሪክ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ሲጻፍ ኖሯል። ይህን አሳብ ለመመርመር አስቀድሞ የሳባን ቋንቋ ከነዘመዶቹ ማወቅ ያስፈልጋል።

በጥንታዊት የመን በድንጋይና በነሐስ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች የተጻፉት 29 ፊደላት ባሉት፥ ሙስነድ በሚባለው ጽሕፈት ነው። ጌዜኒዩስና ሮዲገር የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በ1841 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በየራሳቸው ፈትተው አነበቡት። የተገኙት ጽሑፎች እየበዙ ሲሄዱም ቋንቋው አንድ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ የሳባ፥ የመዒን፥ የቀታባንና የሐድረሞት ተብለው አራት ናቸውና።

አራቱ እጅግ ቢቀራረቡም መለያ አላቸው። የሳባ ቋንቋ አስደራጊውን ግሥ በ«ሀ» ሲጀምር ሦስቱ በ«ሰ» ይጀምራሉ፤ «የእርሱ» የሚለውንም ዝርዝር ሳባ በ«ሀ»፥ ሌሎቹ በ«ሰ» ያመለክታሉ። ሦስቱ ቀድመው ሲጠፉ የሳባ ቋንቋ በሕምያር ነገሥታት ዘመን የጽሕፈት ቋንቋ ሆኖ ቈየ። ከኢትዮጵያ ወገን የነበረው ንጉሥ አብርሃ በ548 ገደማ የማሪብን ግድብ ማደሱን ያስጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነበር፤ በዚያው በ6ኛው መቶ ዓመትም ጽሕፈቱ ተቋረጠ።

በትግራይ፥ በይሓና በአካባቢዋ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ሺህ ዓመት የተቀረጹ የሳባ ጽሑፎች ይገኛሉ። የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ድሬቭስ በ1962 ባሳተመው ጥናት እነዚህን ጽሑፎች በሁለት ከፈላቸው፤ አንደኛው ወገን ከየመኑ ሳባ ቋንቋ የማይለይ ነው፤ ሁለተኛው ግን የአገሬውን ሰው ንግግር ጠባይ ያሳያል። እንግዲህ የሳባ ቋንቋ በተጻፈበት ዘመን ሕዝቡ የራሱ አንደበት ነበረው ማለት ነው።

የሰዋስው ምስክርነትም ይህንኑ ያጸናል። ግእዝ አስደራጊውን ግሥ የሚጀምረው እንደ ሳባ በ«ሀ»፥ እንደ እኅቶቹም በ«ሰ» ሳይሆን በ«አ» ነው። የሳባ ቋንቋ የታወቀውን ነገር ለማመልከት በስም መጨረሻ «ን» ይጨምራል፤ ግእዝ ይህ የለውም። «አቡሁ» በማለቱ ሳባን ይመስላል፤ ነገር ግን የ«ሀ» ዝርዝር በዐረብኛም በዕብራይስጥም ስለሚገኝ ለልጅነት ማስረጃ አይሆንም።

ከሳባ ሰዎች በእርግጥ የተወረሰው ፊደሉ ነው። ከ26ቱ የግእዝ ፊደላት ከ«ጰ» እና ከ«ፐ» በቀር 24ቱ ከሙስነድ የተገኙ ናቸው፤ በ«ሀ ለ ሐ መ» የሚጀምረው ተራም በደቡብ ዐረብ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ፊደል የሚሻገርበት መንገድና ቋንቋ የሚወለድበት መንገድ ሊደባለቁ አይገባም፤ ግእዝ የሳባ ቋንቋ ዘመድ እንጂ ልጅ አይደለም።